በመስታወት ገንዳ የሚዋለዱ ዓሦች ጠብና የማብረጃው ዘዴ

ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባይ፣ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን ዋና ከተማ በከርቱም፣ ሞግራን በተባለው ስፍራ ነው። በነዚህ ወንዞች ከሚኖሩት ዓሦች አንዱ እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ የሱዳን ሰዎች ደግሞ ቡልጢ የሚሉት ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በጣናም፣ በዝዋይም፣ በሐዋሳም ሐይቅ ስለሚገኝ፣ ስለ ሥጋው ጣፋጭነት መናገር ለአንባቢ አዲስ ነገር አይሆንም። ከምግብነቱ ሌላ ግን ቆሮሶና ዘመዶቹ በቤት ውስጥ ለዓይን ደስታና ለትምህርት ሊያድጉ የሚችሉ ናቸው። ዓሣን በቤት አጠገብ በውሃ ገንዳ ማኖር ጥንታዊ ልማድ ለመሆኑ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በግብጽ ነባሙን በተባለ ጸሐፊ መቃብር ግድግዳ ላይ የተሣለው የአትክልት ቦታ ሥዕል ምስክር ነው። በሥዕሉ ላይ ባለው ኩሬ ውስጥ የሚዋኙት ዓሦች ቡልጢዎች ናቸው፤ ሥዕሉም ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ቆሮሶ የሚመደብበት ወገን በሳይንስ ቋንቋ ሲክሊድ ይባላል። እስከ አሁን ስም የተሰጣቸው የዚህ ወገን ዓይነቶች ከ1,700 በላይ ናቸው። ሲክሊዶችን ከብዙዎቹ ዓሦች የሚለያቸው ትልቁ ጠባይ፣ እንቁላላቸውን ጥለው የማይሄዱ መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹ በድንጋይ ላይ ጥለው ይጠብቁታል፤ ሌሎቹ በአፋቸው ይታቀፉታል። ይህ የወላጅነት ጠባይ ለአሳዳጊው ትልቅ ደስታ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም ጠብ ነው። ትናንት በሰላም አብረው ሲበሉ የነበሩ ዓሦች፣ የመዋለጃቸው ወራት ሲደርስ አንዱ ሌላውን ያሳድዳል፤ ክንፉን ይቀዳድዳል፤ ቅርፊቱን ያረግፋል። አሳዳጊው በጊዜ ካልደረሰ፣ በማለዳ ሲነሣ እንስቲቱን ሞታ ያገኛታል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዓሣውን ክፉ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የቦታው ጥበት ሆኖ ይገኛል። በወንዝ ውስጥ የተሸነፈው ይሸሻል፤ ያሸነፈውም ከድንበሩ ካስወጣው በኋላ ሩቅ ተከትሎ አያባርረውም፤ ስለዚህ ጠቡ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የሚሸሸው ዓሣ ግድግዳውን ተላትሞ ተመልሶ ካሳዳጁ ፊት ይገኛል። አሳዳጁም ተቀናቃኙ ድንበሩን አልለቅም ያለ ስለሚመስለው ይብስበታል። እንግዲህ የአሳዳጊው ሥራ ዓሣውን ጠባዩን ማስለወጥ ሳይሆን፣ ወንዙ ይሰጠው የነበረውን መሸሻ፣ መደበቂያና ድንበር በገንዳው ውስጥ መልሶ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ምክር ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ነገር የሚመነጭ ነው።

ለቤት የሚስማማው ዓሣ የትኛው ነው?

ቆሮሶ ሲያድግ እስከ 60 ሴንቲሜትር ሊረዝምና ከ4 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ጫጩቱ ጥቂት ወራት በመስታወት ገንዳ ቢያድግም፣ ካደገ በኋላ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ወይም ኩሬ ያሻዋል። ለቤት ይልቅ የሚመቸው በዓባይ ውሃ የሚገኝ ሌላ ትንሽ ዘመዱ፣ በሳይንስ ስሙ ሄሚክሮሚስ የሚባለው ነው። ይህ ዓሣ በሰው መዳፍ ልክ ቢሆንና ከዚያም ቢያንስ፣ የመዋለጃው ጊዜ ሲደርስ አካሉ እንደ ፍም ይቀላል፤ በላዩም ሰማያዊ ነጠብጣቦች ያበራሉ። ስለዚህም የውጭ አገር አርቢዎች በየቋንቋቸው የዕንቊ ዓሣ እያሉ ይጠሩታል። ይሁን እንጂ መልኩ ያማረውን ያህል ቁጣውም የታወቀ ነው፤ ከርሱ የሚያንስና ለዘብ ያለ ዓሣ አብሮት ቢገባ በሕይወት የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

የሁለቱ ዓሦች አዋላለድ የተለያየ ስለሆነ የጠባቸውም መንሥኤ ይለያያል። ሄሚክሮሚስ ወንድና ሴቱ ተጣምረው ይኖራሉ። እንስቲቱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ብዙ መቶ እንቁላል ትጥላለች፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ወላጆቹም ጫጩቶቹን በአፋቸው እያነሡ አሸዋ ውስጥ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ያዛውሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተራ በተራ ይጠብቃሉ። ቆሮሶ ግን ትዳር የለውም። ወንዱ በአሸዋው ላይ ክብ ጎድጓዳ ሠርቶ እንስቶችን ይጠራል፤ እንቁላሉ ከተጣለና ከተዳቀለ በኋላ እናቲቱ በአፏ ሰብስባ ብቻዋን ትሄዳለች። ወንዱም ወዲያው ሌላ እንስት ይፈልጋል። በጠባብ ቦታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ቢኖሩ፣ እንቁላል የመጣል ጊዜዋ ያልደረሰውን አንዲቱን እንስት እያሳደደ እረፍት ይነሳታል።

የጠብ ምልክቶች

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጠብ ከመክረሩ በፊት ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲክሊዶች ወዲያው አይናከሱም። መጀመሪያ መልካቸውን ያደምቃሉ፤ ቀጥሎ የጀርባ ክንፋቸውን ያቆማሉ፤ የስንጥባቸውን ክዳን ይከፍታሉ፤ ጎን ለጎን ቆመው በጭራቸው ውሃውን እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከዚያም አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። እስከዚህ ድረስ ጉልበት መለካካት ነውና አሳዳጊው ሊደነግጥ አይገባውም። እንዲያውም ወንድና ሴት አፍ ለአፍ ተያይዘው እኩል ቢጓተቱ፣ ለትዳር የሚመጣጠኑ መሆናቸውን ያሳያል።

አደገኛው ምልክት አንደኛው መመለሱን ትቶ መሸሽ ብቻ ሲጀምር ነው። የተሸነፈው ዓሣ ከውሃው ገጽ አጠገብ በአንድ ጥግ ተወስኖ ይቆማል፤ ክንፉን ያጥፋል፤ ምግብ ሲጣል አይመጣም። በቆሮሶ ላይ በጥናት የተረጋገጠ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ፤ የተሸነፈው ዓሣ ዓይን ይጠቁራል። ስለዚህ በማለዳ ምግብ ሲሰጥ የዓሦቹን ዓይን መመልከት፣ በሌሊት ማን እንደ ተጎዳ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ዘዴ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ነገ ይታረቃሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ የተሸነፈውን በዚያው ቀን መለየት ያሻል።

ገንዳውን ስለ ማዘጋጀት

ለአንድ ጥንድ ሄሚክሮሚስ ቢያንስ 100 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲሜትር ወርድና 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ያስፈልጋል፤ ይህም ሲሞላ 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ከጥልቀት ይልቅ ርዝመት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዓሣው ድንበሩን የሚከልለው በወለሉ ላይ ስለሆነ፣ የሚሸሸውም ወደ ጎን ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዓይን የሚጋርድ ነገር ነው። አሳዳጁ ያላየውን አያሳድድምና፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አሻግሮ ማየት እንዳይችል ገንዳውን መከፋፈል ይገባል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። በከርቱም ውሃ የሚቀዘቅዝበት ዚር የተባለ የሸክላ ማሰሮ አለ፤ በእኛም አገር እንስራና ጋን አለ። ከተሰበረው ዚር ወይም እንስራ ገሉን በሚገባ አጥቦና ስለቱን አለዝቦ በወለሉ ላይ መድፋት መልካም ዋሻ ይሆናል። ገሉ ዘይት፣ ቀለም ወይም መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። የዋሻው ቊጥር ከዓሣው ቊጥር መብለጥ አለበት፤ እያንዳንዱም ዋሻ መግቢያና መውጫ ሁለት ቀዳዳ ይኑረው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ዋሻ ለሸሸው ዓሣ ወጥመድ ይሆንበታል። ዓሦቹ አሸዋ ስለሚቆፍሩ፣ ከባድ ድንጋይ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ተንዶ ዓሣውን ይጨፈልቃል፤ መስታወቱንም ይሰብራል።

የከርቱም ሙቀት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ውሃ በሞቀ ቊጥር በውስጡ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን የሚይዝ ውሃ፣ በ30 ዲግሪ ከ7 ሚሊግራም ተኩል ያህል አይበልጥም። የሚሳደድ ዓሣ ደግሞ ከተቀመጠው ይልቅ ብዙ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ገንዳው ፀሐይ በማይመታው በቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ፤ የአየር ፓምፕም ይኑረው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በከርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ የኤሌክትሪክ መብራት በብዙ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ችግር ባለበት ዘመን፣ የዓሦቹን ቊጥር መቀነስ፣ ምግቡን ማሳነስ፣ ውሃውን በጣሳ ከፍ አድርጎ እየቀዱ መልሶ በማፍሰስ አየር ማስገባት፣ እንዲሁም ወንዱንና ሴቲቱን ለያይቶ ማቆየት ይበጃል። ሰው ራሱ ውሃ በሚቸገርበት ወቅት ዓሣን ማዋለድ ተገቢ አይደለም።

ጥንዶችን ስለ ማጣመር

ከገበያ አንድ ትልቅ ወንድና አንዲት ትልቅ ሴት ገዝቶ በአንድ ገንዳ መጨመር ከሁሉ የከፋ አሠራር ነው። የተሻለው ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ጫጩቶችን በአንድነት ማሳደግ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዓሦቹ ሲያድጉ ራሳቸው ይመራረጣሉ። ሁለቱ አንድ ጥግ ይዘው ሌሎቹን ማባረር ሲጀምሩ፣ ሌሎቹን አውጥቶ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ይገባል።

ያደጉትን ማጣመር ግድ ከሆነ ግን ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ያስፈልጋል። 1ኛ፣ ባለቤት ከእንግዳ ይልቅ ይደፍራልና፣ እንስቲቱ ቀድማ ገብታ ጥቂት ቀን ትቆይ፤ ወንዱ ከዚያ በኋላ ይግባ። ወንዱ ቀድሞ የያዘው ገንዳ ከሆነ፣ ወንዱን ለጊዜው አውጥቶ ድንጋዩንና ገሉን ሁሉ ቦታ ማለዋወጥ ያሻል፤ እንዲህ ሲሆን ለሁለቱም አዲስ አገር ይሆንባቸዋል። 2ኛ፣ ገንዳው በመካከሉ በመስታወት ወይም በወንፊት ይከፈልና ሁለቱ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እየተያዩ ይኑሩ። ወንዱ መስታወቱን መግጨት ትቶ አካሉን እያንቀጠቀጠ ሲቀርብ፣ እንስቲቱም ሳትሸሽ አጠገቡ ስትቆም ክፍያው ይነሣል። እንስቲቱ ከወንዱ ያነሰች እንደ ሆነች፣ እርስዋን ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ክፍያ ማድረግ ይቻላል፤ ስትፈልግ ትሄዳለች፤ ስትፈራ ትመለሳለች። 3ኛ፣ ክፍያው የሚነሣው አሳዳጊው ቤት በሚውልበት ቀን በማለዳ እንጂ በምሽት አይሁን።

የጐረቤት ጥቅም

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ኮንራድ ሎሬንዝ ሲክሊዶችን በቤቱ እያሳደገ ለብዙ ዘመን ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሄሚክሮሚስ አባት ሲመሽ የተበተኑ ጫጩቶቹን በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆአቸው እንደሚመልስ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ እንስሳት ጠብ ባወጣው በሌላው መጽሐፉ ደግሞ ለአሳዳጊዎች ትልቅ ጥቅም ያለው ነገር ገልጿል። ሁለት ጥንዶች በመስታወት ተከፍለው ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ ወንድ ቁጣውን በመስታወቱ ማዶ ባለው ጐረቤት ላይ ያወርዳል፤ ከሚስቱ ጋር ግን በሰላም ይኖራል። መስታወቱ አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ጐረቤቱ መታየት ሲያቅተው፣ ወንዱ በሚስቱ ላይ ይነሣል። መስታወቱ ሲወለወል ቁጣው ወደ ጐረቤቱ ይመለሳል፤ በቤቱም ሰላም ይወርዳል። ሎሬንዝ በእንስሳት ጠባይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ የምንማረው፣ ድንበር የሚጠብቅ ዓሣ የሚጠብቅበት ድንበርና የሚቆጣው ባላጋራ እንደሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ገንዳ አጠገቡ ማስቀመጥ ወይም በአንዱ ገንዳ ጫፍ በመስታወት ክፍያ ሌላ ዓሣ ማኖር እንስቲቱን ከጉዳት ያድናል። ባላጋራው ግን መደበቂያ ይኑረው፤ ቀኑን ሙሉ እየተያዩ መፋጠጥ ለርሱም ድካም ነውና።

ውሃና ምግብ

ዓሦች ማን የበላይ፣ ማን የበታች እንደ ሆነ የሚያውቁት በዓይን ብቻ ሳይሆን በውሃው ሽታ ጭምር ነው። በቆሮሶ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሃው በአንድ ጊዜ በብዛት ሲለወጥ ጠቡ ይበረታል። ስለዚህ ውሃውን ግማሽ በግማሽ ከመለወጥ ይልቅ፣ ከአራት አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ በየሳምንቱ መለወጥ ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት፣ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን አየር ሲያገኝ መዋል አለበት። ምግብም በአንድ ቦታ ብቻ ቢጣል የበረታው ብቻ ይበላዋልና፣ በገንዳው በሁለቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መጣል ይገባል።

እንቁላል ከተጣለ በኋላ

የጠቡ ጫፍ የሚደርሰው እንቁላል ከተጣለ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ዓሣ በገንዳው ውስጥ ካለ መውጣት አለበት። አሳዳጊውም እጁን ወደ ገንዳው አያብዛ፤ የተረበሹ ወላጆች እንቁላላቸውን ይበላሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ በደንብ የላመ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጣም በጥቂቱ ሊሰጣቸው ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ውሃውን ያበላሻል። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ ወላጆቹ እንደገና ለመዋለድ ሲዘጋጁ፣ ያደጉትን ጫጩቶች እንደ ባላጋራ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ጫጩቶቹን በዚያ ጊዜ ማዛወር ያስፈልጋል። እንስቲቱ ሳትዘጋጅ ወንዱ ቢያስቸግራት ክፍያውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ቆሮሶን ለሥጋ ለሚያረቡ

በከርቱም ደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በሸጀራ የቆሮሶ እርባታ ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቆሮሶን በሲሚንቶ ገንዳ ለማዋለድ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ደንብ፣ ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ እንስቶች ማድረግ ነው፤ ማሳደዱ ለብዙዎች ስለሚከፋፈል አንዲቱ ብቻ አትጎዳም። ወንዱ ከእንስቶቹ እጅግ የገዘፈ አይሁን። ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። እንስቲቱ እንደ ትልቅነቷ ከጥቂት መቶ እስከ 2,000 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በአፏ የታቀፈች መሆኗ ጉሮሮዋ ወጠር ብሎ፣ ምግብም አልበላ ስትል ይታወቃል። እንዲህ ያለችው እንስት ብትሳደድ እንቁላሏን ትተፋለች ወይም ትውጣለች። ስለዚህ በጥንቃቄ በእርጥብ መረብ ተይዛ ጸጥ ወዳለ ገንዳ መዛወር ይገባታል። ጫጩቶቹን ከለቀቀች በኋላም ወዲያው ወደ ወንዱ አትመለስ፤ በታቀፈችበት ጊዜ ሁሉ ስለምትጾም፣ በልታ እስክታገግም ድረስ ለብቻዋ ትቆይ። በአንዳንድ የእርባታ ጣቢያዎች ወንዱ እንዳይናከስ የላይኛውን ከንፈሩን አጥንት ይቆርጡታል። በቤት ግን ቦታን በማስፋትና ወንዱን በመለየት ያለዚህ ሥቃይ ሥራውን መፈጸም ይቻላል።

የቆሰለውን ስለ መርዳትና የተረፈውን ስለ ማስወገድ

የተነከሰ ዓሣ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ለብቻው ወደ ሆነ ገንዳ ይዛወር። በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 3 ግራም የምግብ ጨው ቀስ በቀስ ቢጨመርለት ይረዳዋል። ክንፉ በጊዜው መልሶ ይበቅላል። ከዳነ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ባላጋራው መመለስ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ማድረግ ነው።

በመጨረሻም የአሳዳጊው ኃላፊነት በገንዳው ግድግዳ አያበቃም። አንድ ጥንድ በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚዋለድ ጫጩቶቹ ቤቱን ይሞላሉ፤ ብዙ ሰውም ርኅራኄ እየመሰለው ወደ ወንዝ ይለቃቸዋል። ይህ ፈጽሞ የማይገባ ነው። የዓባዩ ሄሚክሮሚስ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ቦዮች ከተለቀቀ በኋላ ተዛምቶ የአገሩን ዓሦች የሚያጠቃ ሆኗል። ቆሮሶም ባልነበረባቸው በብዙ አገሮች ውሃዎች እንዲሁ አድርጓል። ከሩቅ አገር የመጣ ሲክሊድ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ቢለቀቅ፣ በገንዳ ውስጥ አንዲት እንስት ያጠፋው ጠብ በሐይቅ ሙሉ ዓሣ ላይ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚለየው መስታወት አይኖርም። የተረፈውን ዓሣ ለሌላ አሳዳጊ መስጠት፣ ወይም ወንዱንና ሴቲቱን ለያይቶ መዋለዱን ማቆም ይገባል።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ገል፣ አንድ የመስታወት ክፍያ፣ ለተሸነፈው የሚሆን ትርፍ ገንዳና በየማለዳው የሚያይ ዓይን ነው። ሁለተኛ ገንዳ ለማዘጋጀት ያልቻለ ሰው፣ እስኪችል ድረስ አንድ ዓሣ ብቻ ያሳድግ እንጂ ጥንዶችን አይያዝ፤ የማምለጫውን በር የዘጋበት እርሱ ስለ ሆነ፣ ማምለጫ የማዘጋጀቱም ግዴታ የርሱ ነው።